ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

ዶርም ውስጥ «ሲስተር» ይሉታል። ወንድ ነው፣ ያውም ጢማም። ጥፋቱ ነርሲንግ ማጥናቱ ነው። ስሙን ያወጣለት አንድ ክፍል የሚጋራው ያገሩ ልጅ ኢንጂነሩ ነው። ኢንጂነሩም ቢሆን ገና ሁለተኛ ዓመት ነው፤ እስካሁን የገነባው ነገር ቢኖር የሚወዛወዝ አልጋውን በገመድ ማሰሩ ነው።

ሲስተር በሰው አገር ብዙ ነገር ለምዷል። ብርዱን ለምዷል። ሊፍት ውስጥ ሰላም ሳይሉ ጣሪያ ማየትን ለምዷል። ቋንቋውንም ቢሆን ከባለቤቶቹ በላይ ሰዋስው ጠብቆ ይናገረዋል። አንድ ቃል ብቻ አልሻገር አለው፤ እሱም «አዎ» ነው። ሲስተር አዎ የሚለው እንደ እናቱና እንደ አክስቶቹ ነው፦ አፉን ገርበብ አድርጎ ትንፋሹን ባንዴ ወደ ውስጥ ይስባል። እኛ ዘንድ ይሄ «እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል» ማለት ነው። እዚያ አገር ግን ሰው እንዲህ የሚተነፍሰው እባብ ሲረግጥ ወይም ሬሳ ሲያይ ነው።

ጣጣው የመጣው ሆስፒታል ለልምምድ ሲመደብ ነው። ልምምዱን ካላለፈ ዓመቱን ይደግማል፤ ስኮላርሺፑ ግን አብሮት አይደግምም። ሻንጣውን ይዞ ወደ እናቱ ቤት ነው።

የመጀመሪያው ተጎጂ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ደም ግፊታቸውን ለክቶላቸው ሲያበቃ ደህና መሆናቸውን ጠየቁት። ደህና ነበሩ፤ ስለዚህ ትንፋሹን ሳበ። ሽማግሌው ክው አሉ። ደግሞ ቢለካ ጨምሯል። «ጨመረ እንዴ?» አሉት። ሲስተር ውሸት አይወድም፤ ሳበ። ይኼኔ ሴት ልጃቸው በአስቸኳይ እንድትጠራላቸው አዘዙ።

የልምምዱ ተቆጣጣሪ ነርስ ሲስተርን አስጠርታ መጀመሪያ የጠየቀችው አስም እንዳለበት ነው። አስም ሳይሆን አዎ ማለቱ እንደሆነ አስረዳት። 

«አዎ ማለት ስትፈልግ ለምን አዎ አትልም?» አለችው።

ልምምዱ የሚያበቃው በፈተና ነው። በፈተናው ቀን ያንን ድምፅ ከሰማች እንደማታሳልፈው ነገረችው። ገብቶት እንደሆነ ስትጠይቀው የሰጣትን መልስ መጻፍ አያስፈልግም።

ማታውኑ ኢንጂነሩ ሊያሠለጥነው ተነሣ። አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ በሽተኛ ሆነና «ወገቤን!» እያለ እያቃሰተ ሲስተር ይሰማው እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሲስተር ይስባል።

«እንደ ቫኪዩም ክሊነር አትሳብ እንጂ፣ ሰውዬ። ወደ ውጭ። እኔን አታየኝም? መጀመሪያ ሰሞን ነው የተውኩት።»

«ጨርሶ?»

ኢንጂነሩ ሳበ። ሁለቱም ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይሏል እንዲህ ነው።

የቀረው ዘዴ አፍን መዝጋት ነበር። ሲስተር ሰው ሲያናግረው ከንፈሩን ነክሶ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። እናቱ ሲደውሉ ግን ራስ መነቅነቅ በስልክ አይሰማም። ስለ አክስቱ ሠርግ ሊያወሩት ጀምረው በየዓረፍተ ነገሩ መሀል ትንፋሹን ይጠብቃሉ፤ የለም። «ሃሎ? አለህ? ሃሎ!» ይላሉ። መጨረሻ ላይ ሠርጉን ትተው ምን በሽታ እንደደበቃቸው ያጣድፉት ጀመር። ደህና ነኝ ብሎ ማለላቸው፤ ጭራሽ አለቀሱ። ደህና ሆኖ ሳለ የሚምል ሰው የት ያውቃሉ?

በፈተናው ቀን ለሲስተር የደረሱት በሽተኛ አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ናቸው። አንገታቸው ላይ የወጣውን እብጠት አስወጥተዋል፤ የምርመራ ውጤቱ የደረሰው የዚያኑ ቀን ጠዋት ነው። ሲስተር ራሱ አንብቦታል፤ ምንም ክፉ ነገር የለውም። ተቆጣጣሪዋና አንድ ዝምተኛ ፈታኝ አልጋው ግርጌ ቆመዋል። ሲስተር ቁስሉን አጸዳ፣ ፋሻ ቀየረ። ሴትዮዋ ስለ ስፌት መኪናቸውና ስለ ጎረቤታቸው ድመት ያወሩታል፤ እሱ ከንፈሩን ነክሶ ይነቀንቃል።

«ልጄ፣ ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የማወራው?» አሉት።

ፈታኙ አንገቱን ደፍቶ የሆነ ነገር ጻፈ። ሲስተር ላቡ መጣ። ሲስብ ሰው ይገድላል፣ ሳይስብ ግድግዳ ይሆናል።

ሴትዮዋ እጁን ያዙት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሐኪሞቹ እብጠቱ ክፉ አይደለም፣ ነገ ቤትዎ ይገባሉ ብለውኛል። እውነት ነው?» አሉት።

በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቀላል ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። የሚያምረውን፣ ወደ ውጭ የሚባለውን አዎ ከነፈገግታው አዘጋጀ። አፉን ከፈተ። ትንፋሹ ቀደመው።

የሴትዮዋ ፊት አመድ መሰለ። ሲስተር ደንግጦ አዎ፣ አዎ፣ እውነት ነው፣ በዓይኔ አንብቤዋለሁ እያለ በሚያውቀው ሰዋስው ሁሉ ለመናቸው። ሴትዮዋ አላመኑም፤ ራሳቸውን ወዘወዙ።

«የመጀመሪያው ነው እውነቱ» አሉ። «ኋላ ያልከው ለማጽናኛ ነው። ደግ ልጅ ነህ።»

ተቆጣጣሪዋ ቀረብ ብላ ውጤቱን ከወረቀቱ አነበበችላቸው። ሴትዮዋ በትሕትና ሰምተው ሲያበቁ ወደ ፈታኙ ዞሩ። ይኼን ልጅ አደራ እንዲያሳልፉት፣ እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ሳይዋሽ የነገራቸው እሱ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ሲስተር ይበቃዎታል ሊላቸው ፈለገ፤ በየትኛው አፉ? ፈታኙ እስክሪብቶውን ዘግቶ ኪሱ ከተተና ተቆጣጣሪዋን አስከትሎ ወጣ። መውደቁን ለማወቅ የሁለቱን ፊት ማየት ይበቃ ነበር።

ሴትዮዋ እጁን አልለቀቁትም። ከእሳቸው በኋላ የጎረቤታቸውን ድመት ማን እንደሚያበላት፣ የስፌት መኪናዋ ለእህታቸው ልጅ እንደምትሰጥ ቀስ ብለው ይነግሩታል። ነገ ጠዋት ቤታቸው የሚገቡ ጤነኛ ሰው ናቸው። ሲስተር ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ከዚህ በኋላ የሚቸኩልበት ቦታ አልነበረውም። ሲጨርሱ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰማያዊውን ቀሚስ እንዲያወርድላቸው ለመኑት፤ ለመውጫዬ ያስቀመጥኩት ነው አሉት።

የትኛውን መውጫ ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቃቸውም። አውርዶ ወንበሩ ላይ አነጠፈላቸው።