መሣሪያው የተለጠፈበት ቀን

የልብ ሐኪሟ ዶክተር ስምረት፣ ጫት የልብን ምት ያዛባ እንደሆነ ለማወቅ ድሬዳዋ ላይ ዓመታት ለፍታለች። የልብ ምት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ የቃሚዎች ደረት ላይ ትለጥፍና “እንደወትሯችሁ ዋሉ” ትላቸዋለች፤ በማግስቱ መጥታ ትወስዳለች። የባጃጅ ሹፌሩ የባርኸድ ምት ደህና ነበር። የሁሉም ደህና ነበር። ጥናቷ ታትሞ በየአገሩ ተነበበ፤ በየስብሰባው ተጨበጨበላት።

ባርኸድ ግን ትናንት ጫት ሲቅም ከዋለበት ተነስቶ ባጃጁን ሊያስነሳ ሲል መሪው ላይ እንደተደፋ ቀረ።

ስምረት ለቅሶ ስትደርስ ሚስቱ ሑዳ እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

“ልቡ ደህና ነበር እኮ፤ ራሴ ነኝ ያየሁት” አለች ስምረት እንባዋን እየጠረገች።

“ያን ቀን መች ቃመና!” አለች ሑዳ። “ያንቺን ዕቃ ደረቱ ላይ ይዞ? ዶክተሯ ፊት እንደመቃም ነው፣ ነውር ነው ብሎ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ቤት ዋለ። ወላሂ፣ አክብሮሽ ነው።”

ስምረት ወደ ሑዳ ዞረች። “ሌሎቹስ?”

“ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያው ነው ያደረገው” አለች ሑዳ፣ ጥያቄው ገርሟት። “እሱማ ‘ልብህ ደህና ነው’ ካልሽው ወዲህ መቃሙን ጨመረበት።”