የሞርቼ መቃብር

ማርቼ ሽንኩርት የሚመስለውን ስልሳ የቱሊፕ አበባ ራስ ያገኘችው ጥር ከገባ በኋላ፣ የብስክሌቷን ጎማ መንፊያ ስትፈልግ ነው። ከረጢቱ ጥቅምት ላይ "ነገ እተክለዋለሁ" ብላ ካስቀመጠችበት ከዕቃ ቤቱ በር ጀርባ አልተነቃነቀም።

ቱሊፑን ሟች አባቷ ራሳቸው አዳቅለው ያወጡት ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ታላቅ እህቷ ቪልሚና ከረጢቱን ስትሰጣት ፍርድም ጨምራ ነበር። "ሚያዝያ ላይ ለንጉሡ ልደት መጥቼ አየዋለሁ። ከውርጭ በፊት በወቅቱ ካልተከልሽው ነቅዬ እወስደዋለሁ። ከዚያ በኋላ የአባባን አበባ የምታዪው እኔ ደጅ ቆመሽ ነው።"

ማርቼ ስልሳ ዓመት ሙሉ "ያቺ ዝርክርክ" ስትባል ኖራለች፤ አንድ ጊዜ እንኳ እህቷን አፍ ማስያዝ አምሯታል። ራሶቹን አንድ በአንድ ጨመቅ ጨመቅ አደረገቻቸው። እንደ ጠጠር ጠንክረዋል፤ አልሞቱም። ዶማ ይዛ ወጣች።

መሬቱ በውርጭ ደርቆ ዶማውን መልሶ ያነጥረዋል። ላብ በላብ ሆና ሳለ የጎረቤቷ የሩሎፍ ራስ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ። ሩሎፍ ከቪልሚና ጋር በአንድ የመዘምራን ቡድን ይዘምራል። ለእሱ መንገር ማለት እሁድን ሳይጠብቁ ለቪልሚና መንገር ነው።

"ማርቼ! በዚህ ብርድ ምን ትቆፍሪያለሽ?"

ምላሷ ቀደማት። "ድመቴን እየቀበርኩ ነው።"

ሩሎፍ ቆቡን አወለቀ። "ሞርቼን? ትናንት አጥሬ ላይ ስትንጎራደድ አልነበር እንዴ?"

"ድንገተኛ ነው።"

"ነፍስ ይማር። ጉድጓዱ ግን ርዝመቱ ሦስት ሜትር አይሆንም?"

"ተዘርግታ መተኛት ትወድ ነበር" አለች ማርቼ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የማርቼ ግን እያደር ከበደ። ሟቿ በሕይወት አለች፤ የምትውለውም መስኮቱ ደፍ ላይ ነው። በዚያ መንደር ደግሞ መጋረጃ የሚዘጋ ሰው የለም፤ መንገደኛው ሁሉ የጎረቤቱን ራት እያየ ያልፋል። ማርቼ ግን ምን ታድርግ፣ ዘጋችው። በቀን የተዘጋ መጋረጃ እዚያ አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ ቤቱ ሐዘን ላይ ነው።

በማግስቱ ሩሎፍ ቋሊማ የገባበት የአተር ሾርባ በድስት ይዞ ከች አለ። "ለድመት ብላ መጋረጃ ዘጋች" እያለ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ሟቿ ቋሊማው ሸቷት በሩን ትቧጭር ጀመር።

"ምንድን ነው እሱ?"

"አይጥ ነው። ሞርቼ ከሞተች ወዲህ ደፍረውኛል።"

በንጉሡ ልደት ቀን ቪልሚና ብርቱካናማ የበዓል ባርኔጣዋን ደፍታ መጣች። የመንደሩ ቱሊፕ ሁሉ ፈክቶ መርገፍ ጀምሯል። የማርቼ ስልሳ ግንድ ግን አጭርና አረንጓዴ ነው፣ እምቡጡም ድፍን።

"ምነው ይሄ ዘገየ?"

"ጥላ በዝቶበት ነው።"

"በሞርቼ መቃብር ላይ አበባ መትከልሽ ደግ አደረግሽ" አለ ሩሎፍ ከአጥሩ በላይ። "ያን ጊዜ ጥር ላይ ስትቆፍሪ እኮ አንጀቴን በላሽው።"

"ጥር?" አለች ቪልሚና።

መጋረጃው ተነቃነቀ። ሞርቼ ራሷን አሹልካ ወጣችና ደፉ ላይ ተዘርግታ ተኛች።

"ሾርባዬን!" አለ ሩሎፍ።

ማርቼ ዕቃ ቤት ሄዳ አካፋውን ራሷ አመጣችና ለእህቷ ዘረጋችላት። "ረስቼው ነበር፤ ጥር ላይ ነው የተከልኩት። በይ ንቀዪው።"

ቪልሚና አካፋውን ተቀበለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ማርቼ የምታለቅስ መስሏት ደነገጠች፤ ለካ ሳቅ ነው።

"ያ አባባ አንድ ጥር ላይ የቀበረው ውሻ ትዝ ይልሻል?" አለች ቪልሚና ሳቋን እየዋጠች።

"እማማ መጋረጃ ዘግታ ሦስት ቀን የተቀመጠችለት? አራት ዓመቴ ነበር፤ ስንት አልቅሼለታለሁ!"

"ማርቼ፣ እኛ ቤት ውሻ ኖሮ አያውቅም እኮ። በዚያ ዓመትም ቱሊፓችን ከመንደሩ ሁሉ ዘግይቶ ነው የፈካው።"

ቪልሚና ስልሳዎቹን እምቡጦች አየት አደረገችና፣ አካፋውን ይዛ ሄዳ ዕቃ ቤቱ ውስጥ መልሳ ሰቀለችው።