የታችኛው ኩሬ ጨው

የልጅ ልጄ ቀመር ከጎባ ወጣ ብሎ፣ ተጎና ወንዝ ዳር፣ መሥሪያ ቤቷ ያስቆፈራቸውን ሁለት የዓሣ ኩሬዎች ትጠብቅ ነበር። ለላይኛው ኩሬ ፉርሽካና የደረቀ ደም፣ ለታችኛው ያንኑ መኖ ከነጭ ዱቄት ጋር ትሰጣለች።

"መርዝ እንዳይሆን ብቻ" አልኳት።

"የአሲድ ጨው ነው፣ አኮ" አለችኝ፤ አያቷን በኦሮምኛ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። "መኖው ሆዳቸው ውስጥ ቶሎ እንዲፈጭ ያግዛል፤ ያሳድጋቸዋል ተብሏል። ከብቱስ ሆራ ወርዶ ጨዋማውን ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ አይወፍርም?"

"ከብቱን አውቃለሁ። ዓሣ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ምን ጨው አማረው?"

ሳቀችብኝ። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ነበር። የታችኞቹ ዓሦች በክብደት ከበለጡ ዝዋይ ሄዳ ትልቁን የዓሣ ሥራ እንድትመራ አለቃዋ ቃል ገብቶላታል። ካልበለጡ እዚሁ ትቀራለች። አባቷን ለጦርነት ወደ ሰሜን ወስደውት አልተመለሰም፤ ከእሷ በቀር ቤቴ የሚገባ ሰው የለኝም። ዝዋይ ደግሞ ወባ አለ።

ለስብሰባ ሮቤ ስትሄድ መኖውን ለእኔ ተወችልኝ። በማግስቱ ጠዋት ብወርድ ዓሦቹ ቀዩን ሻሼን አይተው ድንጋይ ሥር ተወሸቁ። ሰማያዊ ጋዋኗን ለብሼ ብመለስ ግን ሁሉም ወጡ።

የጨውን ቆርቆሮ ከፈትኩት። ወንዙ እግሬ ሥር ነው። ብደፋው ማን ያየኛል? ልጄም አጠገቤ ትቀራለች። ወደ ኩሬው ዞር አልኩ። የታችኞቹ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ይጠብቁኛል። ቀመርም ሕፃን ሆና ማንኪያዬን እንዲሁ ነበር የምትጠብቀው። እንዳሳየችኝ ለክቼ፣ ከመኖው ጋር አሽቼ በተንኩላቸው። እስክትመለስ ድረስ አላጓደልኩባቸውም።

ክረምቱ ሲወጣ የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ዓሦቹን በመረብ እያወጡ መዘኗቸው። የታችኞቹ በለጡ። ቀመር በእርጥብ እጇ አንገቴን አቀፈችኝ።

"የእርስዎ እጅ ነው፣ አኮ።"

"የወባ ኪኒን ይሰጡሻል?" አልኳት።

የሄደች ዕለት ጋቢ ደረብኩላት።

"ዝዋይ እኮ ሞቃት ነው፤ ይስቁብኛል።"

"ይሳቁ። መንገዱ ይበርዳል።"

ጋቢውን ወሰደች። ጋዋኑን ሚስማሩ ላይ ትታው ሄደች።

አሁን ጨው አልቋል፤ ሁለቱም ኩሬ አንድ ዓይነት ይበላል። ዘበኛው ጀሊል ጋዋኑን ለብሼ ሲያየኝ፣ "አኮ፣ ዛሬም ሐኪም ሆኑ?" ይለኛል። መኖውን ተሸክሜ አልፈዋለሁ። ጋዋኑን ሳልለብስ ብወርድ ዓሦቹ አይወጡም።