ለካሰች የሚበቃ ድምፅ

"ቀስ፣ ቀስ! መርፌውን እንዳትነካው!" አለ መምህር ተስፋው፣ በጋቢ ጠቅልሎ ከቤቱ ያመጣውን ሸክላ ማጫወቻ ምስክር ባንኮኒው ላይ ሲያሳርፈው።

ምስክር ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግን፣ አምፕሊፋየርም የሚሸጥ የድሮ ተማሪው ነው። "አይዞዎት መምህር፣ እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት" አለና ሳቀ።

የቤታቸው አምፕሊፋየር የተቃጠለው ሚሌኒየሙ በተከበረ ሰሞን፣ መብራት ሄዶ በጉልበት ሲመለስ ነበር። የሚስቱ የካሰች ጆሮም መድከም የጀመረው ያን ጊዜ ግድም ነው። ባሕር ዳር ያያት ሐኪም መድኃኒት የለውም ብሎ እቅጩን ነገራቸው። ተስፋው ግን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ነው እንዴ! ግሽ ዓባይ ወስዶ ሁለት ሱባኤ አስጠመቃት። በአሥራ አራተኛው ቀን "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሻለኝ" አለች። ጠበል ተጠምቆ "አልተሻለኝም" የሚል ማን አለ? የሰማ ሁሉ እልል አለ፤ ተስፋውም አመነ። ጠበሉ ከከፈተላት የቀረውን ጎበዝ አምፕሊፋየር ይሞላዋል ብሎ ተነሣ። የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ በተጋቡበት ዓመት የገዛውን ሸክላ ከእሷ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ መስማት። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቤታቸው ጨዋታ ይኸው ሸክላ ነበር።

"ይሄ ትልቁ ለሠርግ ድንኳን የሚሆን ነው" አለ ምስክር። "አገር ያናውጣል። ግን ለማይክ እንጂ ለሸክላ አልተሠራም፣ ድምፁን ያሻክረዋል። ትንሹ የሸክላ መሰኪያ አለው፣ ጥርት ያለ ነው፤ ጉልበት ግን የለውም። ለራስዎ ከሆነ ትንሹን ነው የምመክርዎት።"

"ለእኔ አይደለም። ትልቁን ክፈተው።"

ከፈተው። የዘፋኙ ጉሮሮ ቆርቆሮ የሚፋቅ መሰለ። መደርደሪያው ተንቀጠቀጠ፤ ከደጅ የባጃጅ ሹፌሮች "ኧረ ቀንሱልን!" ብለው ጮኹ። የተስፋው ፊት ተጨማደደ። ያ ውብ ሸክላ እንዲህ ይዋረድ! አብራው የመጣችው ካሰች በርጩማው ላይ ተቀምጣ ፊቱን ታያለች።

"ምነው ካሱ፣ አልተሰማሽም?" ብሎ ፊት ለፊቷ ቆሞ ጮኸ።

"ኧረ ተሰማኝ። ግን እንጃ... አልወደድኩትም።"

ምስክር ሽቦውን ከትልቁ ነቀለና ወደ ትንሹ ሊያዞረው ጎንበስ አለ። ሸክላው መዞሩን አላቋረጠም። ተስፋው፣ ወደደችውም ጠላችውም ሰምታለች ማለት ነው ብሎ ልቡ ሞቀና ለሚስቱ ፈገግ አለላት።

ካሰችም ፈገግ አለች። ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል፣ በዜማ እንደሚሄድ ሰው ራሷን ቀስ እያደረገች ትነቀንቅ ጀመር።

"ይኼ!" አለች። "ይኼስ ጥርት ብሎ ይሰማል። እሰይ! ይኼን ውሰድ፣ ተስፋዬ።"

ምስክር ቀና አለ። ሽቦው ገና እጁ ላይ ነበር። ሱቁ ውስጥ መርፌው ሸክላውን ሲጭር ከሚሰማው ስስ ሹክሹክታ በቀር ምንም ድምፅ አልነበረም።

ተስፋው ባንኮኒውን ያዘ። ለካ አንዳች አትሰማም! ለካ ያን ሁሉ ወር "አዎ" ስትለው ከንፈሩን እያየች፣ ቤተ ክርስቲያን "አሜን" ስትል የጎረቤቶቿን አፍ እየተከተለች ኖሯል! እሱ ደግሞ፣ አገር ያስተማረው ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይነቃ በገዛ ቤቷ ብቻዋን ጥሏት ከረመ። እንባው መጣበት፤ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ምስክር ደንግጦ ሽቦውን ሊሰካ ሲል ተስፋው ክንዱን ያዘው።

"ተወው።"

"መምህር፣ ቢያንስ ልክፈትልዎትና እርስዎ ይስሙት..."

"ብቻዬን ሰምቼ ምን ሊያደርግልኝ!" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዝቅ ማድረግ እንኳ እንደማያስፈልገው ትዝ ሲለው ይበልጥ ሆዱ ባባ።

ካሰች አሁንም እሱን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። ፊቱን በእጅጌው ጠራረገና ዞሮ ፈገግ አለላት።

"ጠቅልልልኝ" አለው ምስክርን።

"ትንሹን? ሳይሞከር?"

"እሷ ሰምታዋለች። ጠቅልለው።"