የቶርኖው መቀመጫ

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?»

ባልየው ቀና አላለም። ጎንበስ ብሎ ሲሚንቶና አሸዋውን በአካፋ ያገላብጣል። ሚስትየው የታሸገ ካርቶን እንዳቀፈች የጓሮዋ ክፍል በር ላይ ቆማ ቀረች።

«ልጅህ መኪና ይዞ ሊወስደን እየመጣ ነው እኮ! ትናንት በስልክ እሺ አላልከውም?»

«እሺ ያልኩት ስልኩን እንዲዘጋልኝ ነው።»

ክፍሏ የሴት ልጃቸው መኝታ ነበረች። ልጅቷ ስታገባ አልጋው ወጣና ቶርኖው ገባ። ትንሽ፣ አሮጌ የብረት መቅረጫ ማሽን ነው፤ ባልየው ጡረታ ሲወጣ ከአንድ ከተዘጋ ጋራዥ ያመጣው። ገና ሲበራ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፣ ተንቀጠቀጠ። የብረት እግር አበጀለት፣ ያው ነው። ቡለኖቹን ላብ በላብ እስኪሆን አጠበቃቸው፣ ጭራሽ ባሰበት። የቀረጸውን ብረት ሁሉ አምጥቶ ያሳያታል። ጥፍሯን ስታስኬድበት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ክርክር ይላል። «ምኑ ይታያል፣ ያምራል» ትለዋለች፣ እንዳይከፋው።

ልጃቸው የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። «ለሁለታችሁ ክፍል አለኝ፣ ለዚያ ብረት ግን ቦታ የለኝም» ብሏል። እሷ ደስ ብሏታል። የልጅ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ልትቀበል፣ ፀጉራቸውን ልትሠራ፣ ስትጸልይ የከረመችው ለዚሁ ነው። ግን ዛሬ ከነጋ ጀምሮ መቀመጥ አቅቷታል። ካርቶን ታስራለች፣ ትፈታለች። መስኮት ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች።

«ነይ እስቲ እናቱ፣ እጅሽን አውሺኝ።»

«እጄ ሥራ ላይ ነው።»

«ካርቶኑ የትም አይሄድም። ይሄ ግን ይደርቅብኛል።»

እያጉረመረመች ገባች። ወለሉን ቆፍሮ በሳንቃ ከቦታል። ሲሚንቶውን ገለበጠበት፤ አራት ቡለኖች ከእርጥቡ ውስጥ አንገታቸውን አውጥተው ቆሙ። ማሽኑ የሚያርፍበትን ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት አጠለቀባቸው፤ ላዩ ላይ የብረቱን መስተካከል በውስጡ ባለች አረፋ የሚያሳየውን ውሃ ልክ አስቀመጠ።

«አረፋዋ መሃል መሆኗን እይልኝ። መነጽሬን ካርቶን ውስጥ አሽገሽዋል።»

«መሃል ባትሆንስ?»

«መቀመጫው ከተጣመመ ማሽኑም ሲታሰር አብሮ ይጣመማል። ያን ጊዜ አለቀለት። ፈንቅዬ እንደገና የምሠራበት ወገብ የለኝም።» አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ከተበላሸ እሄዳለሁ፣ ፎቁ ላይ። አላስቸግርሽም።»

«ከተስተካከለስ?»

«እዚሁ ነኝ። ለልጁም ዛሬ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።»

«እኔስ?»

ባልየው ወደ ብረቱ ዞረ። መዶሻውን አነሳ።

ጎንበስ አለች። አረፋዋ መሃል የለችም፤ ወደ በሩ በኩል ሸሽታለች።

«ልክ ነው?» አላት።

ልክ ነው ብትል በቃ፤ መቀመጫው እንደተጣመመ ይደርቃል፣ እሱም አብሯት ይሄዳል። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ባሏ ፊቷን እንኳን አላየም፤ ቃሏን ብቻ ነው የሚጠብቀው። «ጌታዬ፣ ለዚህ ደግሞ እኔን ታቆመኛለህ?» አለች በልቧ።

ውጪ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ደገመ።

«እማዬ! በሩን ክፈቺ!»

ሲሚንቶው ጠርዝ ጠርዙን መንጣት ጀምሯል።

«በበሩ በኩል ከፍ ብሏል» አለች። «እዚህ ጋ ምታው። ቀስ ብለህ!»

መታው። አረፋዋ ፈቀቅ አለች።

«ትንሽ ይቀራል።»

«እማዬ! አልተነሳችሁም እንዴ?»

«ቆይ ልጄ!» ብላ ጮኸች፣ ዓይኗን ከአረፋዋ ሳትነቅል። «እጄ ሥራ ላይ ነው!»

ከዚያ ወደ ባሏ ዝቅ ብላ፣ «አንዴ ድገመው» አለችው።