አረንጓዴዋ ሽቦ

ፕሮፌሰሩ ጡረታ ሊወጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ቤተ ሙከራቸውን ሊያጸዱ ገቡ። ሠላሳ አንድ ዓመት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ያስተማሩት እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ልብሳቸው ምንጊዜም የብየዳ ጭስ ስለሚሸት ተማሪዎች ከኋላቸው «ጋሽ ብየዳ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ።

ልታግዛቸው የመጣችው የድሮ ተማሪያቸው ናት፤ ዛሬ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆናለች። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ሽቦ በሽቦ የሆነ ሰፊ ጠፍጣፋ ነገር ጎትታ አወጣች። ፕሮፌሰሩ ከተማሪዎቻቸው ጋር በእጃቸው የሠሩት የመጀመሪያው ኮምፒውተር ነበር። አንዲቱን የብየዳ ብረት ለስድስት እየተቀባበሉ፣ ከጠረጴዛው ጥግ ዳቦ እየቆረሱ፣ ሁለት ቁጥር ለማስደመር ብቻ ሦስት ወር ለፍተውበታል። ደግ ጊዜ ነበር።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይቺ አረንጓዴ ሽቦ ከየት መጣች? እኔ የሳልኩት የሽቦ ስዕል ላይ የለችም።»

ኃላፊዋ ሽቦዋን በጣቷ ነካች። «እኔ ነኝ የጨመርኳት። አልደምር ሲል ‹ብየዳሽ ነው የተበላሸው› ብለው ሦስት ጊዜ አስፈቱኝ። ትዝ ይልዎታል?»

ትዝ አላቸው። የተቆጧት ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ነበር።

«ብየዳው ደህና ነበር፤ ስሕተቱ ስዕሉ ላይ ነው። ከአንዱ ቤት የተረፈው ቁጥር ወደሚቀጥለው ቤት የሚሻገርበት መንገድ ተረስቷል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በምን አንደበቴ? ያን ጊዜ እርስዎን ተሳስተዋል የሚል ማን ነበር?»

ፕሮፌሰሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ማሽኑ የደመረ ቀን ቤታቸው ሮጠው ለሚስታቸው «ያሰብኩት ሠራ» ብለው ነበር። ስማቸው የተነሣው በዚያ ሥራ ነው። ስንቱ ተማሪ እንዲህ በሆዱ ይዞ ሄዶ ይሆን?

«አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ኧረ ይተዉት ጋሼ።»

«አልተውም» አሉ።

በማግስቱ የመጨረሻ ትምህርታቸው ነበር። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ታሪኩን ሳያስቀሩ ተናገሩና ጠመኔውን ለኃላፊዋ ሰጧት። «ትክክለኛውን ስዕል የምታስተምራችሁ ያገኘችው ናት።» ከዚያ ከተማሪዎቹ መሐል ገቡ። ጉልበታቸው ከጠባቡ የተማሪ ጠረጴዛ ሥር አልገባ ቢላቸው ወደ ጎን ዞረው ተቀመጡ፤ ከአጠገባቸው ካለችው ተማሪ ወረቀት ለምነው ከሰሌዳው መገልበጥ ጀመሩ።