የሦስት ሰው ሽጉጥ

ቁስቋምን ብያለሁ፤ ከዚህ በታች ካለው አንዲት ቃል ብትዛነፍ ምላሴ ይታሰር። ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ያላየሁትንም ቢሆን ካየው ሰው አብልጬ አውቀዋለሁ።

የአጎቴ የአያ ሐብተ ማርያም ሠልስት ነበር። ቁስቋም ሰፈር በተተከለው ድንኳን ውስጥ ግማሹ ጎንደር ተቀምጧል፤ የቀረው ግማሽ ቦታ አጥቶ ደጅ ቆሟል። እኔ የእህቱ ልጅ አዳነ ሽጉጡን ይዤ ልነሳ ስል ምትኩ ክንዴን ያዘኝ።

«ይችን ልታነሳ ነው እንዴ?» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

በእኛ ቤት ወግ በሠልስቱ ቀን የሟች መሣሪያ ከፍ ተደርጎ ይያዛል፤ አልቃሿም ስሙን ከመሣሪያው ጋር ታነሳዋለች። መሣሪያ ያልተነሳለት ወንድ እንደ አላፊ መንገደኛ ነው የሚሸኝ። ምትኩ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ፒያሳ ሱቅ ያለው የአሮጌ ሽጉጥ ሰብሳቢ ነው፤ በሕይወት ሳለ ስንቱን ይዞለት ቢመጣ አጎቴ አንገቱን አስደፍቶ መልሶታል።

«ምነው፣ ምን አላት?»

«ቁጥሯን አይተሃል? አፈሙዟ ሌላ፣ አካሏ ሌላ፣ ቃታዋ ሌላ። የሦስት ሰው ናት። የትኛውን ሰውዬ ልናለቅስ ነው?»

ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ግን በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሹክሹክታ ከአዋጅ ይፈጥናል። ንፍሮ ያኝክ የነበረው ሁሉ ማኘኩን አቆመ።

የሚያናድደው፣ ቃሉ የራሱ የአጎቴ ቃል መሆኑ ነው። አያ ሐብተ ማርያም ሽጉጥ የሚገምተው በጣቱ ነበር። ከጠዳ፣ ከጭልጋ፣ ከደባርቅ ሰዎች የአባታቸውን ስድስት ጎራሽ በጨርቅ ጠቅልለው ይመጡበታል። ከሮምም ይመጡ ነበር፤ ሁለት ጄኔራል ደጃፉ ላይ ተራ ሲጠብቁ በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። የአፈሙዙና የአካሉ ቁጥር አንድ ከሆነ «ሸጋ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ካልገጠመ ግን መልሶ ይጠቀልለውና «ይሄ የሦስት ሰው ነው፤ ብረት እንጂ ሽጉጥ አይደለም» ብሎ ያስታቅፍሃል። አንድ ያልገጠመ ብሎን አይቶ የመለሰው ሰው ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጣም።

ታዲያ ይኸው ሰው ከሁሉ አስበልጦ የሚሳሳላት፣ ለገዥ አሳይቷት እንኳ የማያውቃት ይችው ሽጉጥ ዝብርቅርቅ ነበረች። አንድ ቀን ምትኩ ደፍሮ «አያ፣ ይችንስ ምን ልበላት?» ቢለው፣ «አንተ ምንም አትበላት» ብሎ በሩን አሳየው።

አሁን ምትኩ የዚያን ቀኑን እየመለሰ ነው። አልቃሿ የዓለምወርቅ እኔን እኔን ታያለች። የአጎቴ ሚስት እትዬ ታየች ጥግ ፍራሽ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አንገቷን ደፍታለች። ዝም ብዬ ብቀመጥ የአያ ሐብተ ማርያም ስም እዚያው ሊቀር ነው።

ተነሳሁ። ስነሳ የድንኳኑ ምሰሶ ወደ ጎን ዘወር ያለልኝ መሰለኝ።

«ምትኩ ልክ ነው» አልኩ። «የሦስት ሰው ናት።»

ከዚያ ጀመርኩላቸው። አጎቴ በጎረምሳነቱ ሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር እንደተከበበ። አንደኛው ሲወድቅ አፈሙዙን፣ ሁለተኛው ሲወድቅ ቃታውን ነቅሎ፣ ከራሱ ሽጉጥ አካል ጋር ብሎኑን በጥርሱ እያጠበቀ ሦስቱን አንድ እንዳደረገ። ከዚያ እየተኮሰ ጠላትን ቁልቁል እንዳንከባለለው። ስጀምር ጠላቱ ሃምሳ ነበር፤ ስጨርስ ሺህ አልፏል።

«ሁለት ወንድሞቹን በአንድ እጁ ይዞ ነው የኖረው» አልኩና ሽጉጡን ወደ ላይ አነሳሁት። «ዛሬ ሦስት ሰው ነው የምናለቅሰው። ክንድ ያለው ያግዘኝ።»

የዓለምወርቅ አላስጨረሰችኝም።

«ሦስት ሆኖ ሲኖር አንድ ነው ስንለው፣
ዛሬ ነው ያወቅነው አፈር ሲቀበለው።»

ድንኳኑ ተነሳ። ከዘራ የያዘ ከዘራውን፣ ያልያዘ የጎረቤቱን ነጥቆ ፎከረ። ዋይታው ፒያሳ ደርሶ ባጃጆች ቆመዋል ይባላል። ምትኩ ራሱ ኮፍያውን አውልቆ መጣና አፈሙዙን ሳመ። «አዳነ፣ ይሄን ሰው ሳናውቀው ነው የቀበርነው» አለኝ፤ እንባው አገጩ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ቁጥር አላነሳም። ወደፊትም አያነሳም።

ሰዉ ወደ ምሳው ሲያዘነብል እትዬ ታየች አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ምርቃት ጠብቄ።

«አሳመርከው» አለችኝ። «አጎትህ ቢሰማ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።»

«ምን ያስቃል፣ እትዬ? የሆነውን እኮ ነው።»

ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሊማሊሞን በማኪና እንኳ አላለፈበትም። እዚሁ ጓዳ ነው የገጣጠማት። ያኔ ገና ሙሽራ ነኝ፤ እሱ መሣሪያ ሊገምት ወጥቶ ሲያድር ብቻዬን እየፈራሁ እንቅልፍ አጣሁ። ቤት ያሉት ሽጉጦች ሁሉ ለእጄ ከበዱኝ። ሸጋ ሸጋ ያላቸውን፣ ቁጥራቸው የገጠመውን ሦስት መርጦ ፈታታቸው። ከአንዱ አጭሩን አፈሙዝ፣ ከአንዱ ለጣቴ የሚላላውን ቃታ፣ ከአንዱ ቀለል ያለውን አካል። እጀታውን እኔ እየጨበጥኩ እሱ እየፋቀ ዋልን።»

«የቀሩትስ?»

«ተበላሹ እንጂ። ምነው እንዲህ አደረግህ ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ታየች ትተኛ› አለኝ።»

እጇን ዘረጋችልኝ። ሽጉጡን ሰጠኋት። ቀጫጭን ጣቶቿ እጀታውን ዞረው ገጠሙ፤ ጭራሽ ቦታ አልተረፈም። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሸፈነቻትና ደረቷ ላይ አስጠጋቻት።